ምስጥ የበላው ፊደል

የጽሕፈት መኪናው ከቤቷ ከወጣ ወዲህ የሺአረግ አንድ ቦታ አርፋ መቀመጥ አቅቷታል። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ቢዝነስ ካርድ ስትቆርጥ ቆይታ ድንገት ትነሳለች፤ በሩ ላይ ቆማ ከአስፋልቱ የሚነሳውን ሙቀት ታያለች፤ ተመልሳ ትቀመጣለች። ስትቀመጥ ደግሞ ጣቶቿ ጠረጴዛውን መምታት ይጀምራሉ። የቤቱ ባለቤት አቤኔዘር ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይል፣ «እትዬ የሺ፣ ዛሬ ደግሞ ለማን ነው የምትጽፊው?» ይላታል።

«ለማንም።»

«ታዲያ ጠረጴዛው ምን በደለ?»

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ አፍ አፉን ትለው ነበር። እሱን ግን አትችልም፤ ጥሩ ልጅ ነው። ጥሩ ልጅ ባይሆን ኖሮማ ታይፑንም አትሰጠውም ነበር።

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ጸጉሩ መሸበት የጀመረና የመንግሥት ቢሮ ደጃፍ የረገጠ ሰው ሁሉ የሺአረግን ያውቃታል። በሰፈራው ጊዜ ቤተሰቦቿ ከወሎ ተጭነው አቦቦ ሲራገፉ ገና ልጅ ነበረች። ሰባተኛ ክፍልን ሳትጨርስ እናቷን ወባ ወሰደቻት፤ ከእሷ በታች ያሉትን የሚያበላ ስለጠፋ ደብተሯን አስቀመጠች። ለትምህርቷ አላለቀሰችም። ያን ጊዜ የሚለቀስለት ብዙ ስለነበር ትምህርት ተራ አልደረሰውም። የገበሬዎች ማኅበሩን ጽሕፈት ቤት ልትጠርግ ገባች፤ ጸሐፊዋ ለምሳ ስትወጣ እየጠበቀች ፊደል በፊደል ስትለቅም ታይፕ ቻለች። መንግሥት ተለውጦ ማኅበሩ ሲበተን ለቀረባት ደመወዝ ታይፑን ሰጧት። ማንም አልፈለገውም ነበር። በእህል መኪና ላይ ጭና ወደ ከተማ አመጣችው፤ ከቢሮዎቹ ፊት ለፊት ከማንጎው ሥር አንድ ጠረጴዛና ሁለት በርጩማ አኖረች። በዚያ ሥራ ሁለት ወንድሞቿን አስተማረች፤ ሁለቱም አሁን ሩቅ ናቸው፤ ለበዓል ይደውላሉ።

አሠራሯ ቀርፋፋ ነው እያሉ ብዙዎች አማርረውባታል። ማመልከቻ ጽፋ እንደጨረሰች ለባለጉዳዩ ዝም ብላ አትሰጥም። አማርኛም የሰውየውን ቋንቋም የሚያውቅ ሰው ከመንገድ ትጠራለች። ወረቀቱን ጮክ ብላ ታነባለች፤ የተጠራው ሰው ይተረጉማል፤ ከዚያ ባለጉዳዩ ራሱ፣ በራሱ ቃል፣ «እንዲህ ይላል» ብሎ መልሶ ይነግራታል። የነገራትና ወረቀቱ ካልገጠሙ ወረቀቱን ቀድዳ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ሰዎቹ ይቆጣሉ፤ ፀሐዩ ከበረታም እሷንም ንድድ ይላታል። ቢሆንም ማንም ሰው ያላለውን ነገር ጣቱን አስነክራ አታስፈርምም። ይህን ማንም አላስተማራትም፤ አባቷ ያልተነበበለትን የሰፈራ ወረቀት ሲፈርም አጠገቡ ቆማ ስለነበር ነው።

ታይፑ እያረጀ ሲሄድ ፊደሎቹም አረጁ። «ሰ» ከመስመር ዝቅ ይላል። «ት» እግሩ ተበልቷል። የ«መ» ዓይን ቀለም እየሞላው ይደፈናል፤ እሷም በየቀኑ በመርፌና በላምባ ትጠርገዋለች። ጋምቤላ ውስጥ ምስጥ የማይበላው የለም፤ የበር መቃን ይበላል፣ የምስክር ወረቀት ይበላል። ስለዚህ የቢሮ ሰዎች ወረቀቷን ሲያዩ «ምስጥ የበላው ፊደል መጣ» ይሉ ነበር። እየሳቁ ይሉታል፤ ከሳቁ በኋላ ይፈርማሉ። ሰው ምን የሚፈልግ እንደሆነ በአጭሩ የሚናገር ወረቀት ብዙ አያጋጥማቸውም ነበርና።

ከዚያ ወሬ ተነሳ። በየሺ ፊደል የተጻፈ ማመልከቻ ወድቆ አይቀርም ተባለ። ከኢታንግ፣ ከላሬ ሳይቀር እየመጡ «ያንን የተሸራረፈውን» ማለት ጀመሩ። ነገሩ ከፊደሉ እንዳልሆነ ታውቃለች። ግን እየበላችበት ስለነበር ዝም አለች።

ኋላ ኮምፒውተር መጣ፤ ከኮምፒውተር ስልክ መጣ፤ ከማንጎው ሥር ያለው ወረፋ እየሳሳ ሄዶ አንድ ቀን ቀረ። አቤኔዘር ማተሚያ ቤት ሲከፍት ቆራጭና አጣባቂ አድርጎ ወሰዳት። ታይፑን ከቤቷ ጥግ በጨርቅ ሸፍና ያኖረችውን ሲያይ ግን ዓይኑ በራ።

«እትዬ የሺ፣ በዚህ ፎንት እንሠራለን።»

«ምን እንሠራለን?»

«ፊደሎቹን ሁሉ አንድ በአንድ ትመቺልኛለሽ፤ እኔ ስካን አድርጌ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባቸዋለሁ። ከዚያ ማንም ሰው በኮምፒውተር ሲጽፍ በአንቺ ታይፕ የጻፈ ይመስላል።»

«እንዲህ ተሸራርፎ?»

«መሸራረፉ አይደል ዋናው! ንጹሕ ፊደልን ዓይን አልፎት ይሄዳል። የተጎዳ ፊደል ግን ዓይን ይይዛል፤ ሰው ቆም ብሎ ያያል። ድሮ ይመስላል፤ እውነት ይመስላል።»

መታችለት። ሆሄውን፣ ከዚያ ድምፁን የሚለውጠውን ቅጥል፣ ሆሄውን፣ ከዚያ ቅጥሉን። እሱ በኮምፒውተሩ አጉልቶ ሲያያቸው «ሰ» የአውራ ጣት ያህል ሆኖ መጣ፤ ጉዳቱ ሁሉ ታየ። የሺአረግ ፊቷን አዞረች። የታመመ ሰው ራቁቱን ያየች መሰላት።

«የ‹መ› ዓይን ንጹሕ ሆነብኝ» አለ አቤኔዘር። «ትንሽ ቆሻሻ ልጨምርበት።»

«ዕድሜዬን በሙሉ በመርፌ ስጠርገው የኖርኩትን?»

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው እትዬ። ከዚያ በኋላ አይጠረግም።» ፎንቱንም «የሺ» ብሎ ሰየመው፤ እሷን ደስ ያሰኘ መስሎት።

የሺ ከተማውን አዳረሰ። የማር ማሰሮ ላይ ተለጠፈ፣ «የጫካ ማር» ተብሎ። የጸጉር አስተካካዩ በር ላይ ወጣ። አንድ ዘማሪ ለካሴቱ ማስታወቂያ፣ ማለትም ካሴት አሁን የለም እንጂ፣ ለዚያ ለዘመኑ ነገር፣ ፊቱን በግማሽ ጥላ አድርጎ ከሥሩ በየሺ ፊደል ስሙን አጻፈ። ዲማ ወርቅ የሚቆፍሩ ልጆች ቲሸርት አዘዙ፤ ደረታቸው ላይ «ዲማ» ይላል፣ በጥይት የተመታ መስሎ። አቤኔዘር ለጓደኞቹ በቴሌግራም ላከው፤ ጓደኞቹ ለጓደኞቻቸው ላኩት። የሺአረግ በከተማው ስትሄድ የገዛ እጇ ከየግድግዳው ያያታል። ማር ሸጣ አታውቅም። ጸጉር ቆርጣ አታውቅም።

ከሁሉ የባሰው የወይዘሮ አበዛሽ ሆቴል ነበር። አበዛሽ ዲማ ለወርቅ ቆፋሪዎች ሽሮ ስትሸጥ ኖራ፣ ከተማ ገብታ ባለ ፎቅ ያቆመች ሴት ናት። እንግዳ የሚወደው ድሮን ነው ብሎ አንድ ሰው ነገራት፤ ምናሌውን፣ የክፍሎቹን ቁጥር፣ የግድግዳውን ጽሑፍ ሁሉ በተሸራረፈ ፊደል አሠራች። ለማተሚያ ቤቱ ትልቅ ሥራ ነበር። ስትጨርስ ግን ታይፑን ራሱን እንግዳ መቀበያው ላይ ካላስቀመጥኩ አለች። አቤኔዘር የሺአረግን ሊያግባባ ሦስት ቀን ዙሪያዋን ሲዞር ሰነበተ።

«በውሰት ነው» አለችው የሺአረግ በመጨረሻ።

«በውሰት ነው እትዬ! የት ይሄዳል?»

እውነትም የትም አልሄደም። የሄደው የእሷ ዕረፍት ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሲሆን ሰው የድሮውን ወሬ አልረሳም። ከገጠር የመጡ ሰዎች ሆቴሉ ግድግዳ ላይ፣ ማሩ ላይ ያንን ፊደል እያዩ፣ «የሺ እንደገና ጀመረች?» ብለው ማተሚያ ቤቱን አጥለቀለቁት። ማመልከቻቸውን በዚያ ፊደል ካልሆነ አይፈልጉም። አቤኔዘር መጀመሪያ ሳቀ። «እትዬ፣ ይሄ ለርዕስ ነው፣ ለማስታወቂያ ነው፤ ሙሉ ገጽ በዚህ ሲጻፍ ዓይን ያደክማል» አለ። ኋላ ግን ደንበኛ ንጉሥ ነው ብሎ ያትምላቸው ጀመር። እሱ ይጽፋል፣ ያትማል፣ ጣት ያስነክራል፤ ቶሎ ያልቃል። ማንም አላማረረም። የሺአረግ ከጀርባ ካርድ ትቆርጣለች።

አንድ ዓርብ ጠዋት ኛጋይ በሩ ላይ ቆመች። ኛጋይ አሳ ሻጭ ናት፤ ከወንዙ ድልድይ ወዲህ ባለው ትልቅ ዛፍ ሥር ስትሸጥ የኖረች፣ ቁመቷ የበሩን መቃን የሚነካ ኑዌር ሴት። ድስቷን ጭንቅላቷ ላይ እንዳደረገች ነው። አላወረደችም።

«ማሌ፣ ኛጋይ» አለች የሺአረግ፣ በኑዌርኛ ሰላም እያለቻት ከመቀመጫዋ ስትነሳ። «ግቢ፣ ውሃ ጠጪ።»

«ውሃ አልጠጣም። የሺ፣ እኔ ምን አደረኩሽ? ለምን አስነሳሽኝ?»

«እኔ? ከምን?»

ኛጋይ ከደረቷ ወረቀት አወጣች። ከቢሮ የመጣ መልስ ነው፤ በጠየቁት መሠረት ወደ አዲሱ ገበያ መዛወርዎ ተፈቅዷል፣ የቀድሞውን ቦታ እስከ ሰኞ ጠዋት ያስረክቡ ይላል። ከድልድዩ አካባቢ ያሉ ነጋዴዎች የሚፈልጉትን በማመልከቻ እንዲያሳውቁ ተነግሮ ነበር፤ መዛወር የሚፈልግም፣ መቆየት የሚፈልግም። ኛጋይ መቆየት ነበር የፈለገችው። አሳ አጥማጆቹ ጀልባቸውን የሚያቆሙት እዚያው ነው። አዲሱ ገበያ ሩቅ ነው፣ ጥላ የለውም፤ በዚህ ሙቀት አሳው እዚያ እስኪደርስ ይሸታል።

የሺአረግ ወደ አቤኔዘር ዞረች። እሱ ቀድሞ ፋይሉን ከፍቶ እያየ ነበር፤ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ከእሷ በፊት የመጣችው ሴት መዛወር ነበር የፈለገችው» አለ። «በዚያው ላይ... ስሙን ብቻ ነው የቀየርኩት። አንድ ዓይነት ጉዳይ መስሎኝ።»

«ምን እንደምትፈልግ አልጠየቅካትም?»

«የድልድዩ ነገር ነው አለችኝ። ሁሉም የድልድዩ ነገር ነው የሚሉት።»

ኛጋይ አቤኔዘርን አላየችውም። እሷ የምታየው የሺአረግን ነው። «እኔ ፊደሉን አየሁ። የአንቺ ነው። ዞር ስል አንቺን አየሁ፣ እዛ ቆመሻል። የሺ አለች፣ የሺ አንብባዋለች ብዬ ጣቴን ሰጠሁ።»

የሺአረግ ያን ቀን ታስታውሰዋለች። የማር ቤቱን ካርድ እየቆረጠች ነበር። የኛጋይን ድምፅ ሰምታለች፣ ማተሚያው ሲንቀሳቀስ ሰምታለች። ተነሺና አንብቢላት የሚል ሐሳብ መጥቶባት ነበር። ሙቀት ነበር፤ ወገቧን ደክሟታል፤ ደግሞስ ማን ጠየቀኝ አለች። ለሌላው ሁሉ አሥር ጊዜ የምትነሳ ሴት ያን ጊዜ ብቻ ተቀምጣ ቀረች።

ነጠላዋን አነሳች። «ተነሺ እንሂድ» አለች፣ ኛጋይ ቆማ ሳለች።

ቢሮው ሲደርሱ መልሱን የፈረመው አቶ ተሰማ ሻንጣውን እግሩ ሥር አድርጎ መሳቢያ እየቆለፈ ነው። ተሰማ ከደጋ ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የሸበተ ሰው ነው፤ የሺአረግን ከማንጎው ዘመን ያውቃታል።

«የሺ! ምስጥ የበላውን ፊደል ኮምፒውተር አስተማርሽው አሉ። ደግ አደረግሽ፣ እኔ እንኳ ናፍቆኝ ነበር።»

«አቶ ተሰማ፣ ይቺ ሴት መዛወር አትፈልግም።»

ፋይሉን አወጣ። ዓይኑን ጣል አደረገበት። «ራሷ ጠይቃለች። ይኸው ጣቷ። ይኸው ፊደልሽ።»

«ፊደሉ የእኔ ነው። ቃሉ ግን የእሷ አይደለም።»

«አላነበብሽላትም?»

መስኮቱ ላይ ያለው ማራገቢያ ይንቋቋል። «አላነበብኩላትም» አለች።

ተሰማ መነጽሩን አወለቀ። «እኔም ያንቺን ፊደል ሳይ እንደ ሌላው አልመረምርም። አንብበሻል ብዬ ነው።» ሰዓቱን አየ። «ስሚኝ፤ የቀትሩ አውሮፕላን አለኝ፣ ስብሰባ ነው፣ ሳምንቱን አልመለስም። ሰኞ ቦታውን ለተመደበበት ሰው ያስረክባሉ፤ ከተረከበ በኋላ ደግሞ ማንም አያስነሳውም፣ ታውቂዋለሽ። ከመሄዴ በፊት አዲስ ማመልከቻ አምጡልኝ። በእጅ ጽሑፍም ይሁን። ግን ቃሏ ይሁን።»

የሺአረግ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ከዘበኛው እስክሪብቶ ተዋሰች። መጻፍ ስትጀምር ኛጋይ ከላይ ጎንበስ ብላ አየች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ማመልከቻሽ ነዋ።»

«ይሄ የልጆች ጽሑፍ ነው። በዚህ አልፈርምም።»

«ኛጋይ፣ ሰውየው ሊሄድ ነው። በእጅ ይሁን ብሏል፣ ሰምተሻል።»

«እሱ ይበል። ያስነሳኝ ያ ፊደል ነው። የሚመልሰኝ እሱ ነው።»

«ፊደሉ ምንም አያደርግም። ብረት ነው።»

«ምንም ካላደረገ እንዴት አስነሳኝ?»

ያ ሁሉ ዓመት ሰው ፊደሉን ሲያመሰግን ዝም ብላለች፤ አሁን በደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ውሸት ነበር ብትል ማን ይሰማታል? እስክሪብቶውን መለሰች። ባጃጅ አስቆመች። ማተሚያ ቤቱ ሲደርሱ አቤኔዘር ውጭ ቆሞ እጁን እያወራጨ ነው፤ መብራት ሄዷል።

«ጄኔሬተሩስ?»

«ቤንዚን ከየት ይምጣ፣ እትዬ?»

ከዚያ የሺአረግ ተመልሳ ባጃጁ ውስጥ ገባች። «አንተም ግባ» አለችው አቤኔዘርን። «አበዛሽ ዘንድ ነው።»

ሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ላይ ታይፑ በተጠረበ እንጨት ላይ ተቀምጧል። ወረቀት በሚገባበት ቦታ የፕላስቲክ አበባ ተሰክቶበታል። ከበላዩ ግድግዳው ላይ በትልቁ «እንኳን ወደ ድሮ በደህና መጡ» ይላል፤ ከጎኑ በትንሹ «አይንኩ»፤ ሁለቱም በራሷ ፊደል። የሺአረግ አበባውን ነቅላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ኧረ! ኧረ!» ወይዘሮ አበዛሽ ከውስጥ ወጣች፣ የወርቅ አምባሯ እየተንኳኳ። «አይነካም እኮ፣ የኔ እመቤት። ለእይታ ነው።»

«በውሰት ነው የሰጠሁሽ።»

«ለእይታ ነዋ ያዋስሽኝ! እንግዶች አሉ፣ መኪና አሁን ነው ያራገፋቸው። ደግሞስ እሱ ይሠራል እንዴ?»

«ወረቀት ስጪኝ።»

«አቤኔዘር፣ ይቺ ሴትዮ ምን ሆናለች?»

አቤኔዘር ጫማውን አየ። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ እትዬ አበዛሽ። ወረቀት ስጫት።»

ወረቀት መጣ። የሺአረግ አስገብታ አንድ ፊደል መታች፤ ምንም አልወጣም። የቀለሙ ጥብጣብ ደርቆ ቅጠል ሆኗል። ኛጋይ ዓይኗን ጨፈነች። የሺአረግ ግን መቀበያው ላይ ያለውን የደረሰኝ ጥራዝ እያየች ነበር።

«ውስጡ ካርቦን አለው?»

«ደረሰኜን!» አለች አበዛሽ።

«ካርቦኑን ብቻ ነው።»

አበዛሽ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ኛጋይን አየቻት። ኛጋይ ድስቷን አሁንም አላወረደችም፤ ከድስቱ ስር የሚንጠባጠበው ውሃ የሆቴሉን ንጹሕ ወለል ነክቷል። «የአሳ መሸጫሽ ቦታ ነው እንዴ ነገሩ?» አለቻት። «እዚያ ዛፍ ሥር ያለው?» ኛጋይ ራሷን ነቀነቀች። አበዛሽ ዲማ ላይ የሽሮ ድንኳኗን ያስነሷት ቀን ትዝ አላት መሰል፤ ካርቦኑን ራሷ ቀድዳ ሰጠች። «ቶሎ በይ ብቻ» አለች።

የሺአረግ ካርቦኑን ከወረቀቱ ፊት አድርጋ መታች። ወጣ። ከድሮውም ይልቅ የተበላ፣ ግማሹ የደበዘዘ፣ ግን ወጣ። ወገቧን አቀናች። ጣቶቿ ብዙ ወር ጠረጴዛ ሲደበድቡ የኖሩት ይህን ሲፈልጉ ነበር፤ አሁን አንድም ትርፍ ነገር አልነኩም። ሆሄውን፣ ከዚያ ቅጥሉን። ሻንጣቸውን ይዘው የቆሙት እንግዶች ስልካቸውን አወጡ። አንዱ ሊቀርብ ሲል አበዛሽ በትከሻዋ ከለከለችው፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ በሹክሹክታ፣ «የሺ፣ ፊትሽን ትንሽ ቀና አድርጊ፣ እየቀረጹሽ ነው» አለች።

ጨርሳ ወረቀቱን አወጣች። አቤኔዘር እጁን ዘረጋ፣ «በይ እንሂድ!»

«ማን አማርኛና ኑዌርኛ ያውቃል?» አለች የሺአረግ።

«እትዬ! አውሮፕላኑ!»

«ኛጋይ አማርኛ ታውቃለች» አለች አበዛሽ።

«የገበያውን ታውቃለች፤ የማመልከቻው ሌላ ነው። ጥበቃሽን ጥሪልኝ።»

ጋትደት የሚባለው ጥበቃ ቆቡን አውልቆ ገባ። የሺአረግ አነበበች፤ ጋትደት ተረጎመ። «አሁን ምን ይላል በይ» አለቻት ኛጋይን።

ኛጋይ አሰበች፤ ለጋትደት ነገረችው። ጋትደት፣ «ዛፉን እወዳለሁ ይላል፣ ትላለች። አሳው ግን የለም ትላለች» አለ።

«እንዴት የለም?»

«ለምን እንደምትቆይ የለም። ዛፉ ሥር ያሉት ጀልባዎቹ ናቸው፣ አሳው ከጀልባ ወጥቶ ወዲያው ይሸጣል፤ አዲሱ ገበያ ከወሰድኩት ይሸታል ትላለች። ዛፍማ እዚያም ይተከላል ይሉኛል ትላለች።»

እውነቷን ነው። የሺአረግ ወረቀቱን ለሁለት ቀደደችው።

አቤኔዘር ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «በስክሪብቶ ከሥሩ ጨምሪበት! እባክሽ!»

«ቁጭ በል» አለችው። ባለፈው የቸኮሉ ጊዜ የሆነውን ሁሉም ያውቃል። አዲስ ወረቀት አስገባች። ከውጭ አውሮፕላኑ ከተማውን ዞሮ ሲወርድ ተሰማ፤ መስኮቶቹ ነዘሩ፤ ጣቶቿ ግን አልፈጠኑም፣ አልዘገዩምም። ጨረሰች፤ አነበበች፤ ጋትደት ተረጎመ። ኛጋይ በዚህ ጊዜ ጋትደትን አልጠበቀችም፤ በራሷ አማርኛ፣ አንድ አንድ ቃል እያስቀመጠች፣ ስለ ጀልባው፣ ስለ አሳው፣ ስለ ሙቀቱ፣ እዚያው ልቆይ ስለማለቷ መልሳ ነገረቻት። ወረቀቱም ያንኑ ነበር የሚለው። ማህተም መርገጫ ስላልነበረ አውራ ጣቷን ካርቦኑ ላይ አሸች፤ ጣቷን ሰጠች።

ተሰማን ያገኙት ቢሮው ደጃፍ ላይ ነው፤ ሻንጣው መኪና ውስጥ ገብቷል፣ አንድ እግሩም ገብቷል። ሾፌሩ ክላክስ ይነፋል። ወረቀቱን ተቀበለ። የሺአረግ ዓይኖቹን ትከተል ነበር፤ ከላይ ጀመሩ፣ ወረዱ፣ እስከ ጣቱ አሻራ ድረስ ሄዱ፣ ተመልሰው እንደገና ከላይ ጀመሩ።

«ኛጋይ፣ ይሄ አንቺ ያልሽው ነው?» አላት።

«እኔ ያልኩት ነው። ሁለት ጊዜ ብያለሁ። አንዱን ቀድዳዋለች።»

ተሰማ ሳቀ። ወረቀቱን በመኪናው ግንባር ላይ ዘርግቶ «የቀድሞው ውሳኔ ተሰርዞ በነበሩበት ይቀጥሉ» ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ፤ ዘበኛውን ጠርቶ አሁኑኑ አስመዝግበህ ማህተም አስደርግበት አለው። ከመኪናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «የሺ፣ ያን የኮምፒውተሩን ወረቀት ሁሉ እንግዲህ ላነብ ነው?» አለ።

«ያንብቡ» አለችው።

ኛጋይ አመሰግናለሁ አላለችም። ድስቷን አውርዳ አንድ አሳ መርጣ በቅጠል ጠቅልላ የሺአረግ እጅ ላይ አኖረች፤ ወደ ድልድዩም ሄደች፤ የጠዋቱ ገበያ አምልጧታል።

በመንገድ ላይ አቤኔዘር ፎንቱን አጠፋዋለሁ አለ። አምርሮ ነው የተናገረው። የሺአረግ ከባጃጁ ውጭ ታይ ነበር፤ ጸጉር አስተካካዩ አለፈ፣ ማር ቤቱ አለፈ፣ ደረቱ ላይ «ዲማ» የሚል ልጅ መንገድ አቋርጦ ሄደ።

«የቱን ነው የምታጠፋው?» አለችው። የወጣ ነገር ወጥቷል፤ ምን ይደረግ።

ማተሚያ ቤቱ ሲደርሱ መብራት መጥቶ ነበር፤ ማተሚያውም ጠዋት የጀመረውን ወረቀት በራሱ ጊዜ እየተፋ ነው። ማመልከቻውን ያዘዙ አንድ ሽማግሌ ከበሩ ሥር ወረፋ ይዘው ቆይተዋል። ወረቀቱን ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ ያ የተሸራረፈው ፊደል ነው። እጃቸውን ሲሰዱ የሺአረግ ቀድማ አነሳችው።

«ምን ይላል፣ አባቴ?» አለች።

«ምን ይላል ማለት? የየሺ ፊደል ነው እኮ! ምን ይነበባል? ስጪኝ፣ ቢሮው ሊዘጋ ነው።»

«የሺ እኔ ነኝ» አለች። አሳውን መስኮቱ ላይ አኖረች፤ በርጩማዋን በእግሯ ወደ እሳቸው ገፋች። «ይቀመጡ።»

ሽማግሌው እያጉረመረሙ ተቀመጡ። እሷ አልተቀመጠችም። ቆማ፣ ወረቀቱን ከዓይኗ ትንሽ አርቃ፣ ከመጀመሪያው መስመር ማንበብ ጀመረች።